«አመድ መልሶ አይነድም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ፦ ኤሌክትሮኑ ከየት መጣ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «አመድ መልሶ አይነድም» የሚል ጽሑፍ ላከልኝ። ጽሑፉ በብርሃንና በካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን በሚያፋጥን ነገር) ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ጠቃሚ ኬሚካል እንቀይራለን የሚሉ ተመራማሪዎችን ይሞግታል። ሙግቱ ባጭሩ ይኸው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቃጠለ ነገር ቅሪት ስለሆነ እሱን መልሶ ነዳጅ ማድረግ የተፈጥሮን ሕግ ይጥሳል። ተገኘ የሚባለው ውጤት የላብራቶሪ ቆሻሻ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ተሞክሮ ምንም አልወጣም። ቢሳካም አገር የሚያህል መሬት ይፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ዛፍ መትከል ይሻላል፣ ካልሆነም ሶላር ፓነል። ደግሞም የተሠራው ነዳጅ ሲነድ ጋዙ ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል። መጨረሻ ላይ የአይስላንድን ፋብሪካ እንደ ማስረጃ ያነሳል።

ወዳጄ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በአንድ ቃል ልመልስለት አልቻልኩም። ጸሐፊው ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ጭራሽ ስህተት ነው። አንዱ ደግሞ በዘርፉ ያለን ሰዎች ራሳችን ጮክ ብለን ልንናገረው የሚገባ እውነት ነው። የቀሩት በሁለቱ መሐል ናቸው። እንግዲህ አንድ በአንድ ልሂድባቸው።

ከአመዱ ልጀምር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አመድ ነው ማለት ጥሩ ምሳሌ ነው፣ እኔም ሰው ሳስረዳ እጠቀምበታለሁ። ካርቦን ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን በአንድ ሞል (ኬሚስቶች ሞለኪውል በሚቆጥሩበት መስፈሪያ) 393.5 ኪሎጁል ሙቀት ይለቃል። ያ ጉልበት ሄዷል። የቀረው ጋዝ የረጋ ነው፣ ከማንም ጋር ቶሎ አይዋሃድም። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ስህተቱ የሚመጣው «ስለዚህ መመለስ አይቻልም» ሲሉ ነው። የጉልበት ሕግ እንደዚያ አይልም። ሕጉ የሚለው በነፃ አይመለስም ነው። ጉልበቱን የሚከፍል ካለ ይመለሳል። እዚህ ከፋይዋ ፀሐይ ናት። ቅጠል ሁሉ ይህንኑ ሲያደርግ ይውላል፣ ሕግ ጣሰ ያለውም የለም።

ቁጥሩን እንየው። ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ሜታኖል፣ ማለትም ለነዳጅም ለኬሚካልም የሚሆን የአልኮል ዓይነት፣ እና ኦክስጅን መሥራት ፈለግን እንበል። ለአንድ ሞል ሜታኖል ቢያንስ 702 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። ሥራው ስድስት ኤሌክትሮን ከውሃ ወስዶ ለካርቦኑ መስጠት ነው። ጉልበቱን ለስድስት ብናካፍለው ለአንዱ ኤሌክትሮን 1.21 ኤሌክትሮንቮልት (በጣም ትንሽ የጉልበት መለኪያ ነው) ይደርሰዋል። የሞገድ ርዝመቱ 500 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን፣ ማለትም በዓይናችን የምናየው አረንጓዴ አካባቢ ያለው፣ በአንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) 2.48 ኤሌክትሮንቮልት ይይዛል። ከሚያስፈልገው እጥፍ ነው። ጉልበት አልጠፋም።

የጠፋው መንገድ ነው። ካታሊስት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል እንደ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ካርቦኑ መሐል ነው፣ ሁለቱ ኦክስጅኖች ግራና ቀኝ። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ብትሰጠው ዘንጉ መጉበጥ አለበት፣ ለዚህ የሚከፈለው ዋጋም ከባድ ነው፤ ወደ 1.9 ቮልት የሚጠጋ አሉታዊ ግፊት ይጠይቃል። ያን ያህል ግፊት መስጠት የሚችል ተራ የካታሊስት ዱቄት የለም ማለት ይቻላል። ኤሌክትሮኖቹ ከፕሮቶን (ኤሌክትሮኑን ካጣ ሃይድሮጅን) ጋር ተጣምረው፣ ሁለትም ስድስትም ሆነው ከተሰጡት ግን ዋጋው ይወርዳል። ገለልተኛ በሆነ ውሃ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለመሥራት 0.53 ቮልት፣ ሜታኖል ለመሥራት 0.38 ቮልት ያህል ይበቃል። ችግሩ፣ እዚያው ሰፈር 0.41 ቮልት ላይ ሌላ ተፎካካሪ አለ። ፕሮቶኖቹ ካርቦኑን ትተው እርስ በርስ ተያይዘው ሃይድሮጅን ይሆናሉ። ሃይድሮጅን ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ይፈልጋል፤ ሜታኖል ስድስት፣ ሚቴን ደግሞ ስምንት። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ቀላሉ ነው። ስለዚህ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ጠብ የለንም። ጣጣችን ኤሌክትሮኑ የት እንደሚሄድ መቆጣጠሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልምጣ። ውጤቱ ቆሻሻ ነው ወደሚለው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ልጣላ አልችልም። እንዲያውም ከሳቸው በላይ ልናገር።

ተማሪ ሳለሁ በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት እንሠራ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን እናስገባለን፣ መብራቱን እናበራለን፣ ከሰዓታት በኋላ ጋዙን እንለካለን። ሚቴን አገኘን። መጠኑ ትንሽ ነበር፣ ግን በየቀኑ ይመጣል። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ከዚያ አማካሪያችን «ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አውጡና በአርጎን ብቻ ሞክሩት» አሉን። አርጎን ካርቦን የሌለው፣ ከምንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው። ሞከርነው። ሚቴኑ ያው መጣ። መጠኑም ከሞላ ጎደል ያው ነበር። ዱቄቱን ስንሠራ የተጠቀምንበት ጥሬ ዕቃ ራሱ ካርቦን ነበረው፣ አቃጥለንም በደንብ አላጠራነውም። ለሳምንታት የለካነው የገዛ ራሳችንን ቅሪት ነበር። ያን ቀን ማታ ወደ ቤት ስሄድ የነበረኝን ስሜት እስካሁን አልረሳሁትም።

ይሄ የኛ ብቻ ችግር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ በዘርፉ የታወቀ ጥናት በመዳብ የታገዘ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ ይህንኑ ፈተነ። ተመራማሪዎቹ ያስገቡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦኑ ካርቦን-13፣ ማለትም ከተራው ካርቦን-12 ከበድ ያለው ዓይነት፣ ነበር። የወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በብዛት ካርቦን-12 ሆነ። ካርቦኑ ከገባው ጋዝ ሳይሆን ከዱቄቱ ላይ ነበር የመጣው ማለት ነው።

ይህ ዘዴ ምን እንደሆነ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም የጉዳዩ ሁሉ ማሰሪያ እሱ ነው። በተፈጥሮ ካለው ካርቦን 1.1 በመቶ ያህሉ ብቻ ካርቦን-13 ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ካርቦን-12 ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ሆን ብሎ በካርቦን-13 የተሠራ ጋዝ ያስገባል። የወጣው ሚቴን ክብደቱ 16 ከሆነ ከቆሻሻ ነው የመጣው፣ 17 ከሆነ ከገባው ጋዝ ነው። ለካርቦን ሞኖክሳይድም 28 እና 29 ማለት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የአየር ናይትሮጅን ክብደቱም 28 ነው። ትንሽ አየር ሾልኮ ከገባ ያሳስታል። ስለዚህ ጋዞቹን መጀመሪያ በክሮማቶግራፍ ለያይቶ ከዚያ መመዘን ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ሁሉም ቆሻሻ ነው» ይላሉ። የምለያቸው እዚህ ነው። ቆሻሻውን ያጋለጠው ከውጭ የመጣ ተቺ አይደለም፣ የዘርፉ የራሱ መለኪያ ነው። ያው መለኪያ ክብደቱ 29 የሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያሳይ ደግሞ መቀበል አለብን። በካርቦን-13 ተፈትነው ያለፉ ሥራዎች አሉ። ዛሬ ይህን ፈተና ሳያደርግ ጽሑፍ የሚልክ ሰው ከገምጋሚዎች ጥያቄ አያመልጥም።

እኔ ግን ከካርቦኑ ይልቅ አጥብቄ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ኤሌክትሮኑ ከየት መጣ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲቀየር ሁለት ኤሌክትሮን ተቀብሏል። ሰጪው ውሃ ከሆነ ለሁለት ሞለኪውል ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ሞለኪውል ኦክስጅን መውጣት አለበት። ሒሳቡ ይሄው ነው። ኦክስጅኑ ከሌለ፣ ወይም ካልተለካ፣ ኤሌክትሮኑን የሰጠው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሰጪው ተመራማሪው ራሱ የጨመረው ትራይኤታኖልአሚን የሚባል ኬሚካል ነው። በሙያው መስዋዕት እንለዋለን፣ እሱ እየጠፋ ነው ሥራው የሚሠራው። ኬሚስቱ ዣን-ማሪ ሌህንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሬኒየም በሚባል ብረት ውህድ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርሃን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲቀይሩ የተጠቀሙት ይህንኑ ነበር። እሱ ሥራ ትልቅ ሥራ ነው። ግማሹን ጎን ለብቻው ነጥሎ ለማጥናት አስችሏል። ግን ግማሽ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ውድ ኬሚካል እየበላ ርካሽ ጋዝ የሚሠራ ነገር ማንም አይፈልግም። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ከቆሻሻው ይልቅ የጠነከረ ትችት ይሆንላቸው ነበር።

«50 ዓመት ሙሉ ምንም አልወጣም» የሚለውስ? ዘመኑ እንዲያውም ይረዝማል። ጣሊያናዊው ኬሚስት ጃኮሞ ቻሚቻን እ.ኤ.አ. በ1912 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ጉባኤ የወደፊቱ ኢንዱስትሪ ከከሰል ይልቅ በብርሃን ይሠራል ብሎ ተናግሯል። በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ውሃን በብርሃን መክፈል እንደሚቻል አሳዩ። በ1979 ደግሞ ኢኖዌ፣ ፉጂሺማ፣ ኮኒሺና ሆንዳ የተለያዩ ዱቄቶችን ውሃ ውስጥ በትነው ብርሃን አበሩባቸው። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ፎርሚክ አሲድ፣ ፎርማልዴሃይድ፣ ሜታኖልና ጥቂት ሚቴን እንዳገኙ ጻፉ። ዘርፉ ከዚያ ተነሳ።

ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ምን ያህል ሆነ? እዚህ ላይ መሸፋፈን አልፈልግም። ጽሑፎቻችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታዩት መለኪያ ማይክሮሞል በግራም በሰዓት ነው። 10 ማይክሮሞል ሜታኖል ማለት 0.32 ሚሊግራም ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ቶን ዱቄት፣ ሁሉም እኩል ብርሃን ቢያገኝ እንኳ፣ በሰዓት 320 ግራም ሜታኖል ይሰጣል። እኩል ብርሃን ደግሞ አያገኝም። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይጋርዳል። «በግራም» የሚለው መለኪያ ራሱ ብዙ አይነግረንም፤ ስንት ፎቶን ገብቶ ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ የሚለው ነው ትክክለኛው ጥያቄ።

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን እንውሰድ። አናቴዝ የሚባለው ዓይነቱ የጉልበት ክፍተቱ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ጉልበት፣ 3.2 ኤሌክትሮንቮልት ነው። ይህ ማለት ከ388 ናኖሜትር አጠር ያለ ብርሃን፣ አልትራቫዮሌት፣ ካልሆነ አይሠራም። ከፀሐይ ጉልበት ውስጥ አልትራቫዮሌት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ገና ሥራ ሳይጀመር 95 በመቶው ቀረ። ክፍተቱን ብታጠብበው የሚታየውን ብርሃን ይይዛል፣ ነገር ግን ኤሌክትሮኑን የሚገፋበት ጉልበት ይቀንሳል። ግራፋይታዊ ካርቦን ናይትራይድ የሚባለው 2.7 ኤሌክትሮንቮልት ክፍተት አለው፣ እስከ 460 ናኖሜትር ድረስ ይይዛል። ይሻላል፣ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በብርሃን የተነሳው ኤሌክትሮንና የተወው ባዶ ቦታ ቶሎ ተመልሰው ይገናኛሉ፣ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ታዲያ ተስፋው የት አለ? የጎረቤት ዘርፍ ልጥቀስ። ውሃን በብርሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መክፈልም ለረጅም ጊዜ በአነስተኛ ብቃት ሲንፏቀቅ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጃፓን ተመራማሪዎች አልሙኒየም በተጨመረበት ስትሮንቲየም ታይታኔት ላይ አንድ ነገር አደረጉ። ሃይድሮጅን የሚያወጣውን ረዳት ካታሊስት በክሪስታሉ አንድ ዓይነት ፊት ላይ፣ ኦክስጅን የሚያወጣውን በሌላው ፊት ላይ አስቀመጡ። ኤሌክትሮኑ ወደ አንዱ ሄደ፣ ባዶ ቦታው ወደ ሌላው። መገናኛ አጡ። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ከገቡት ፎቶኖች 96 በመቶ ድረስ ሥራ ላይ ዋሉ። ይህ ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው ሁለቴ እንዳነብ አድርጎኛል። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ዓይነት ቁስ 100 ካሬ ሜትር ፓነል ላይ ዘርግተው ደጅ በፀሐይ አሠሩት። የፀሐይ ጉልበት ወደ ሃይድሮጅን የተቀየረበት ብቃት ከፍተኛው 0.76 በመቶ ነበር። ትንሽ ነው፤ ቁሱ የሚጠቀመው ያችኑ አልትራቫዮሌት ነዋ። ግን ላብራቶሪ ውስጥ አልነበረም፣ ሜዳ ላይ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድን መቀየር ከውሃ ይከብዳል። ሆኖም «ኤሌክትሮኑን መለየት አይቻልም» የሚል ሰው ካሁን በኋላ ይህን ውጤት መመለስ አለበት።

«አገር የሚያህል መሬት» የሚለውን በሒሳብ ልመልስ። አንድ ቶን ሜታኖል ውስጥ 22.7 ጊጋጁል፣ ማለትም 6,300 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለ። በቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት አንድ ካሬ ሜትር በዓመት 1,825 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛል። ብቃቱ 1 በመቶ ቢሆን 18 ያህሉ ሜታኖል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በዓመት አንድ ቶን ለማምረት 345 ካሬ ሜትር ይበቃል። ብቃቱ 10 በመቶ ቢደርስ 35 ካሬ ሜትር። አገር አይደለም። ዛሬ ብዙዎቹ ሥራዎች ከ1 በመቶ እጅግ በታች መሆናቸውን ግን አልክድም፣ ሒሳቡ የሚያሳየው መድረሻው የማይታመን አለመሆኑን ነው።

ዛፍ ይተከል። ማን ይቃወማል? ግን ሁለቱ አይነጻጸሩም። ብርሃን አስተፃምሮ በሰብሎች ላይ ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ አይበልጥም፣ በንድፈ ሐሳብ ጣሪያውም እንደ ተክሉ ዓይነት ከ4.6 እስከ 6 በመቶ ነው። ዛፍ ደግሞ እንጨት ይሰጣል እንጂ ሜታኖል አይሰጥም። ሜታኖል ሙጫ፣ ቀለም፣ ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ዓለም በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ቶን ታመርታለች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል።

ከሁሉ የጠነከረው የጸሐፊው ነጥብ የሶላር ፓነሉ ነው። ገበያ ላይ ያለ ፓነል 20 በመቶና ከዚያ በላይ ብቃት አለው። በኤሌክትሪኩ ውሃን ከፍሎ ሃይድሮጅን ማውጣት፣ ከዚያም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ማዋሃድ ይቻላል። ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ራሱን በኤሌክትሪክ መቀየር። ዛሬ ፋብሪካ ሥራ ብባል እኔም የምመርጠው ይህን ነው። ሌላም ብልጫ አለው። ኦክስጅኑና ምርቱ በሜምብሬን (በስስ መለያ ሽፋን) ተለይተው ይወጣሉ። በዱቄት ሥራ ግን ሁለቱም እዚያው ተቀላቅለው ነው የሚወጡት፤ የሚነድ ጋዝና ኦክስጅን አንድ ላይ መያዝ ደግሞ አደጋ ነው።

ታዲያ ለምን ቀጥታውን መንገድ እናጠናለን? አንደኛ፣ ቢሳካ በጣም ቀላል ነገር ነው። ሽቦ የለው፣ ኢንቨርተር የለው፣ ዱቄት የተቀባ ሰሌዳና ውሃ ብቻ። ሁለተኛ፣ ለኔ ይህ ይበልጥብኛል፣ ሁለቱ መንገዶች የሚማሩት ከአንድ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጃፓናዊው ኬሚስት ሆሪና ባልደረቦቹ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በርከት ያለ ሃይድሮካርቦን የሚያወጣው ብረት መዳብ መሆኑን አገኙ። ዛሬ የብርሃን ካታሊስት የሚሠሩ ሰዎች ዱቄታቸው ላይ መዳብ የሚያስቀምጡት ከዚያ ተምረው ነው። አንዱን መዝጋት ሌላውንም ያጎድለዋል።

ሲነድ ተመልሶ ይወጣል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ካርቦኑ የመጣው ከድንጋይ ከሰል ፋብሪካ ጭስ ከሆነ፣ አዎ፣ አንድ ዙር አዘገየነው እንጂ አላስቀረነውም። ከአየር ከተወሰደ ግን ዑደቱ ይዘጋል። ከአየር መውሰዱ ራሱ ጉልበት ይጠይቃል፣ አየር ውስጥ ያለው 0.04 በመቶ ብቻ ስለሆነ። የአየር ንብረትን በዚህ እናድናለን የሚል ተመራማሪ ካለ ደግሞ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እሞግተዋለሁ። የዓለም ሜታኖል በሙሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሠራ የሚወስደው 137 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው። ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል በዓመት የሚለቀቀው ወደ 37 ቢሊዮን ቶን ነው። ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። እኛ የምንሠራው ለነገው ኬሚካል ካርቦኑን ከየት እናምጣ ለሚለው ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ አንድ እርማት እጠይቃለሁ። ጽሑፉ የአይስላንዱን ፋብሪካ «በብርሃን ኬሚስትሪ ተሞክሮ ትንሽ ሆኖ የቀረ» ብሎ አቅርቦታል። ይህ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረውና በኬሚስቱ ጆርጅ ኦላ ስም የተሰየመው ያ ፋብሪካ ብርሃን አይጠቀምም። ከከርሰ ምድር እንፋሎት ጣቢያ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ በኤሌክትሪክ ከውሃ ከወጣ ሃይድሮጅን ጋር፣ በሙቀትና በግፊት ያዋህዳል። የማምረት አቅሙም በኋላ በዓመት 4,000 ቶን ሜታኖል ደርሷል። ጸሐፊው «ይሻላል» ያሉት መንገድ ራሱ ነው እንግዲህ። ይህችን መስመር ቢያስተካክሏት ደስ ይለኛል። ስለ ቆሻሻው የጻፉትን ክፍል ግን አይንኩት፤ እንዳለ ይቆይ፣ ተማሪዎቼም ያንብቡት።